ለሆዳችን ሰበቡን አድርሰናል ወይ?



ከመግሪብ ሶላት በኋላ ዶርም ስንገባ ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ፌስታል አለች። አልጋው ራስጌ ላይ ተንጠልጥላለች። ውስጧ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ በወረቀት የተጠቀለለ ፌጦ፣ ግማሹ ያለቀ ኦሜፕራዞልና ከማን እንደተረፉ የማይታወቁ ጥቂት የሜትሮኒዳዞል ፍሬዎች አሉ። አንዱ «ሆዴ ተነፋ» ሲል ሌላው ፌስታሏን ያወርዳል። ሦስተኛው ስልኩን ከፍቶ «ይሄማ አይቢኤስ ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ቻለው» ይላል። ምርመራው፣ ውሳኔውና ሕክምናው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል።

በዚህ እትም ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ ነው። ሆዳችንን ራሳችን እያስታመምን መኖር ይበቃናል? ወይስ መጀመሪያ መመርመር አለብን?

ከመካከላችን የአንዱን ነገር እናንሣ፤ ፈቃዱን ጠይቀናል፣ ስሙን ትተናል። ይህ ወንድማችን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ሆዱን ያመዋል። ፈተና ሲደርስ ይብስበታል። ራስ ምታቱን በዳይክሎፌናክ፣ ሆዱን በኦሜፕራዞልና በጥቁር አዝሙድ ያስታግስ ነበር። «አይቢኤስ ነው» ያልነው እኛ ነን። ምልክቱን ስልክ ላይ አንብበን ገጠመልን። በረመዷን ሰገራው እንደ ሬንጅ እንደጠቆረ ነገረን። «ጥቁር አዝሙዱ ነው» ብለን አሳመንነው። ከሳምንት በኋላ ተራዊሕ ላይ ከሩኩዕ ቀና ሲል ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርስ ደሙ በጣም ወርዶ ስለነበር ደም ተሰጠው። ደሴ ድረስ ሄዶ በኢንዶስኮፒ ሲታይ ጨጓራው ቆስሎ ይደማ ነበር። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያም ተገኘበት። አልሐምዱሊላህ፣ ታክሞ ዛሬ ከእኛ ጋር ነው። እኛ ግን ያን ሌሊት አልረሳነውም። ፌስታሏን ያወረድንለት እኛ ነበርን።

መድረሳ የቀራን ሁሉ የምናውቀው አንድ ታሪክ አለ። አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ሰሐቦች በጉዞ ላይ ሳሉ አንዱ ጭንቅላቱ በድንጋይ ይፈነከታል። ከዚያም ትጥበት ግዴታ ይሆንበትና በተየሙም ማለፍ ይችል እንደሆነ ጓደኞቹን ይጠይቃል። ውሃ እያለ አይፈቀድልህም ይሉታል። ይታጠባል፣ ይሞታል። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲደርስ እነዚያን ሰዎች አጥብቀው ወቀሱ። ካላወቁ ለምን አልጠየቁም አሉ፤ ለአላዋቂነት ፈውሱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ይህን ሐዲስ የተማርነው በፈትዋ ርዕስ ሥር ነበር። ግን ሰውየውን የገደለው የተሰጠው መልስ ስለ ገላው ነበር። ከጥሩ ኒያ የመጣ፣ ከእውቀት ያልመጣ መልስ። እኛም ለወንድማችን የሰጠነው እንደዚያው ያለ መልስ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። አይቢኤስ ሐሰት አይደለም። ቁጡ አንጀት ልንለው እንችላለን። አንጀቱ ሲታይ ቁስል የለውም፤ ነገር ግን እንቅስቃሴውና ስሜቱ ተዛብቷል። ከአንጎል ጋር ያለው ግንኙነትም ስለተነካ ጭንቀት ያባብሰዋል። በ2016 በፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የሮም መስፈርት እንደሚለው፣ ሕመሙ ከተጀመረ ቢያንስ ስድስት ወር ሊሆነው ይገባል። ባለፉት ሦስት ወራት ደግሞ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን የሆድ ሕመም መኖር አለበት። ከሕመሙ ጋር ከሦስት ነገሮች ሁለቱ መገኘት አለባቸው፤ ከመጸዳዳት ጋር መያያዙ፣ የመጸዳዳት ብዛት መለወጡ፣ የሰገራው መልክ መለወጡ። አይቢኤስ ወደ ካንሰር አይለወጥም፣ አንጀትንም አይበላም። ስለዚህ አይቢኤስ ያለበት ሰው ምግቡን፣ እንቅልፉንና ጭንቀቱን እያስተካከለ ራሱን ማስታመሙ ትክክል ነው። ሐኪሞችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

ችግሩ ያለው ስሙ ላይ ነው። ስሙን የሰጠን ማን ነው?

አውሮፓ ያለ ተማሪ ሆዱን ሲያመው የሚጠረጠረውና እዚህ ቦረና፣ ለጋምቦ ወይም ሳይንት ያደገ ተማሪ ሲያመው የሚጠረጠረው አንድ አይደለም። ብዙዎቻችን ከምንጭና ከወንዝ እየጠጣን አድገናል። ጃርዲያ የሆድ መነፋት፣ የሚሸት ጋዝና የሚመላለስ ተቅማጥ ያመጣል። ለወራት ሊቆይም ይችላል። ከአይቢኤስ ጋር በመልክ መለየት ያስቸግራል፤ ግን በጥቂት ቀን መድኃኒት የሚድን ነው። ደም የሚመጥጥ የአንጀት ትል ቀስ እያለ ደም ያሳንሳል። ድካሙን ግን በጥናት እናመካኛለን። ከመካከላችን በጣና ዳር ወይም ቢልሃርዚያ ባለበት ሌላ ውሃ ዳር ያደጉ አሉ። ቢልሃርዚያም ሆድ ያማል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በየዶርሙ የሚዞረው ሜትሮኒዳዞል አይነካውም። የአንጀት ቲቢም አለ። ክብደት እየቀነሰ ማታ ማታ የሚያልበው ሰው «ጭንቀት ነው» ብሎ መተኛት የለበትም።

ኤች ፓይሎሪን ለብቻው እናንሣው። ለብዙ ዓመታት የጨጓራ ቁስል ከጭንቀትና ከቅመም ይመጣል ይባል ነበር። እኛም አገር በርበሬው ሲወቀስ ኖሯል። በ1984 አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ባክቴሪያው ጨጓራን እንደሚያሳምም ለማሳየት ራሱ ጠጣው፣ ታመመም። እሱና ባልደረባው ሮቢን ዋረን በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። ባክቴሪያው በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው። በተሸከሙት ሁሉ ላይ ቁስል አያመጣም፤ ሲያመጣ ግን በርበሬ በመተው አይድንም። ኦሜፕራዞል ብቻውን ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ባክቴሪያውን አያጠፋም።

ምርመራ አያስፈልግም የሚሉ ወንድሞችና እህቶች ምክንያት አላቸው። ምክንያታቸውን ማክበር አለብን።

አንዳንዶች «ሄደን ነበር፣ ሁልጊዜ አሜባ ነው ይሉናል» ይላሉ። ይህ ቅሬታ ከባዶ የመጣ አይደለም። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት አሜባዎች አሉ። አንደኛው አንጀት ያቆስላል፣ ሌላው ምንም አያደርግም። ስለዚህ የአሜባ ዕንቁላል መሳይ ነገር መገኘቱ ብቻ የሕመማችን መንስኤ እሱ ነው ማለት አይደለም። ታዲያ መፍትሔው ምርመራን መሸሽ አይደለም፤ ውጤቱን ይዞ መጠየቅ ነው። «ምልክቴን ይህ ያስረዳዋል? መድኃኒቱን ጨርሼ ካልተሻለኝ ቀጥሎ ምን እናያለን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሐኪምም አይቀየምም።

ሌሎች ወጪውንና ወረፋውን ያነሣሉ። እውነት ነው። ከመካነ ሰላም ደሴ በአካስታና በጉጉፍቱ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በሚዘጋባቸው ቀናት ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ነገር ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገን ደሴ አይደለም። የሰገራ ምርመራና የደም ቆጠራ ጤና ጣቢያ የሚሠራቸው፣ ከምርመራ ሁሉ ርካሽ የሚባሉ ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ ለኦሜፕራዞል የምናወጣውን ደምረን እናውቃለን? ቤተሰቦቻችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑም በካርዱ የት የት መታከም እንደምንችል ለዕረፍት ስንሄድ እንጠይቅ።

አንዳንዶች ደግሞ ዝም የሚሉት በሐያእ ነው። ሰገራ በዕቃ ይዞ ወረፋ መቆም ይከብዳል፤ ለእህቶቻችን ደግሞ የበለጠ። ሐያእ ከኢማን ነው። ግን ሐያእ የደም ተቅማጥን እስከመደበቅ አያደርስም። የሰለፍ ሴቶች ስለ ዲናቸው በጣም የግል ጉዳያቸውን ሳይቀር ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ይጠይቁ እንደነበር ተምረናል። ሴት ሐኪም ወይም ነርስ እንድታያቸው መጠየቅ ይችላሉ። ጓደኛ ይዞ መሄድም ይቻላል።

በመጨረሻ «ተወኩል» የሚሉ አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስን (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ ጠየቋቸው። ዱዓ ብቻ አድርገው አልተመለሱም፤ የጣኢፉን ሐኪም ሓሪስ ኢብን ከለዳን እንዲያዩ መከሯቸው። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው። ግመሉን ሳያስሩ መተው ተወኩል እንዳልሆነ ከሕፃንነታችን ሰምተናል። በጥቁር አዝሙድና በማር አንከራከርም፤ በሁለቱም ኸይር እንዳለ እናምናለን። የምንለው ጥቁር አዝሙድ እየወሰድን ሳለ ሰገራችን ከጠቆረ ሌላ ምክንያት እንዳለ እንጠርጥር ነው።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው። ራስን ማስታመም ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ ይመጣል፤ በምርመራው ፈንታ አይገባም። ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች የቆመ ሞተር ሲያመጡልን ሳንለካ ዕቃ አንቀይርም። የምንለካው ደግሞ አንድ ጊዜ፣ በሥርዓት ነው። መቶ ጊዜ አይደለም።

በሥርዓት ማለት ምን ማለት ነው?

አንደኛ፣ ከመሄዳችን በፊት ለሁለት ሳምንት እንጻፍ። መቼ አመመን፣ ምን በላን፣ ስንት ጊዜ ተቀመጥን፣ ሰገራው ምን ይመስል ነበር፣ ምን መድኃኒት ወሰድን። ይህች ወረቀት ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ትበልጣለች። አደገኛ ምልክት ካለ ግን ሁለት ሳምንት አንጠብቅም።

ሁለተኛ፣ የሰገራ ናሙና ትኩስ ይሁን። ከዶርም አሳድረን የወሰድነው ናሙና ሊያሳስት ይችላል። ጃርዲያ ደግሞ በየቀኑ አይወጣም። ስለዚህ አንድ ቀን «ነጻ ነህ» ከተባልን በተለያዩ ቀናት እስከ ሦስት ናሙና መስጠት ያስፈልግ እንደሆነ እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ የኤች ፓይሎሪ ምርመራ ከታዘዘልን የወሰድነውን ሁሉ እንናገር። ኦሜፕራዞል ከተወሰደ ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ከተወሰደ አራት ሳምንት ካላለፈ የሰገራው ምርመራ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። የደሙ ምርመራ ደግሞ ከዳንን በኋላም «አለ» ማለቱን ሊቀጥል ይችላል። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳንጠይቅ አናቋርጥ።

አራተኛ፣ ስንዴና ገብስ አይስማማኝም ብለን ከመተዋችን በፊት ለሐኪሙ እንናገር። ለስንዴና ለገብስ ግሉተን የሚቆጣ አንጀት የሚታወቀው ሰውየው እየበላ ሲመረመር ነው።

ምርመራው ነጻ ከወጣ፣ አደገኛ ምልክትም ከሌለ፣ እዚያ ላይ እንቁም። ከመካከላችን አንዲት እህት ለስምንት ወር ሆዷ ሲላወስ ኖሮ ተመረመረች። ሦስቱም ናሙና ነጻ ነበር፣ ደሟም ሙሉ ነበር። ሐኪሟ አይቢኤስ መሆኑን አስረድታ ሸኘቻት። ሕመሙ በአንድ ቀን አልተዋትም። ነገር ግን «ምን ይሆን?» እያለች ሌሊት መንቃቷ ቀረ፤ እሱ ሲቀር ሆዷም ረገበ። እሷ ዛሬ ራሷን ታስታምማለች። ወንድማችንም ራሱን ያስታምም ነበር። ልዩነታቸው እሷ ምን እንደምታስታምም ማወቋ ነው።

የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ግን አይቢኤስ ነው ብለን አንቀመጥ፣ ቀጠሮም አናስረዝም፦ በሰገራ ላይ ደም ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤ ደም ማስመለስ፤ ሳንፈልግ ክብደት መቀነስ፤ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ፤ ከእንቅልፍ የሚያነቃ ሕመም ወይም ተቅማጥ፤ ለመዋጥ መቸገር፤ የደም ማነስ፤ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር መኖር። የጠቆረ ሰገራ ከማዞር ጋር ከመጣ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ነው።

አይቢኤስ መሆኑ በሐኪም ለታወቀላቸው፣ ከዶርም ኑሮ ጋር የሚሄዱ ጥቂት ነገሮች አሉ። ሰዓት ጠብቆ መብላት፤ ሽሮ፣ ባቄላና ምስር የሚያነፋን ከሆነ መጠኑን መቀነስ፤ ወተት ለሁለት ሳምንት ትቶ ለውጡን ማየት፤ ቡና መቀነስ። ጫትን በተመለከተ ደግሞ ግልጽ እንነጋገር፤ በፈተና ሰሞን «ለጥናት» ተብሎ የሚቃመው ጫት ድርቀት ያመጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ለተቆጣ አንጀት ከዚህ የከፋ ነገር መፈለግ ያስቸግራል። በረመዷን ኢፍጣር ላይ ባዶ ሆድን በሳምቡሳ ዘይት ከመሙላት በተምርና በውሃ ከፍቶ፣ ሰግዶ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መብላት ሱናውም ነው፣ ለሆድም ይስማማል።

ሆዱ የሚያስቸግረው ወንድም ጀመዓ ሲሸሽም አይተናል። ምክንያቱ ጋዝ ነው፤ ውዱኡ የጠፋ እየመሰለው ደጋግሞ ይወጣል። በእርግጠኝነት የተገኘ ጠሃራ በጥርጣሬ አይፈርስም፤ ድምፅ እስኪሰማ ወይም ሽታ እስኪሸት። መቆጣጠር ያቃተው ሰውም ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ እያደረገ የሚሰግድበት ፍርድ በፊቅህ አለ። ሕመሙ ጾምን የሚከብድ ሆኖ ሐኪም ካረጋገጠም አላህ ለሕመምተኛ በሌላ ቀን የሚከፍልበትን ፈቃድ ሰጥቷል። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። ሐኪምን ስለ ሆዳችን፣ ዓሊምን ስለ ሶላታችን፤ ሁለቱንም ከስልክ በፊት።

ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ የተረፈ አንቲባዮቲክ ለጓደኛ መስጠት ይቁም። በበጎ ኒያ እንደምናደርገው እናውቃለን፤ ግን በሽታውን ይሸፍናል፣ መድኃኒቱንም ወደፊት እንዳይሠራ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ክሊኒክ ብቻውን መሄድ የከበደው ሰው አብሮት የሚሄድ ሰው ከማኅበሩ ያግኝ፤ ለእህቶች ከእህቶች። ሦስተኛ፣ ከጁሙዓ ሰደቃችን ጥቂቱ ለምርመራ ገንዘብ ላጣ ተማሪ ይመደብ። የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው። ሳይወድቅ በፊት ብንጠይቀው ምንኛ ያምራል።

ያቺን ፌስታል ከራስጌው አውርዱ አንልም። ጥቁር አዝሙዱ ይቆይ፣ ፌጦውም ይቆይ። ማታ ግን አንዱ «ሆዴን» ሲለን፣ ፌስታሏን ከማውረዳችን በፊት «ተመርምረሃል ወይ?» እንበለው። ካልተመረመረ ነገ ጠዋት አብረነው እንውጣ።

አላህ ለሁላችንም አፊያ ይስጠን፣ የታመሙትን ያሽርልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።